ጣቴን ለዛፍ የሰጠሁ ዕለት

አሠሪ ያለ ምክንያት ዶሮ ይዞ ከመጣ፣ ማየት ያለብህ ዶሮውን ሳይሆን አሠሪውን ነው። የእኔ ሆድ ግን ከዓይኔ ይቀድማልና ዶሮውን አየሁ። የተጠበሰ ነው፤ ከነሩዙ፣ ከነሎሚው። አሠሪያችን አቡ ፈይሰል ከመኪናው ወርዶ፣ ትሪውን በገዛ እጁ ተሸክሞ፣ ከምናድርባት የቆርቆሮ ክፍል ደጃፍ አኖረና «ብሉ፣ ዓፊያ ይሁንላችሁ» አለን። ይህ ሰው እንኳን ዶሮ ይዞ፣ ባዶ እጁንም ወደዚያች ክፍል መጥቶ አያውቅም። ሲፈልገን ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ ጡሩምባ ይነፋል፣ እኛ እንሮጣለን። እንዲያ ነው የምንግባባው።

የምሠራው ጂዛን ውስጥ፣ ከአሐድ አል-መሳርሐ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ባሚያና ሐብሐብ፣ ከጀርባው ደግሞ ማንጎ ካለበት እርሻ ላይ ነው። አብሮኝ ያለው አያ ይማም ይባላል። እንደኔው የወሎ ሰው ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። ሁለታችንም ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የለንም። የገባነው በበር ሳይሆን በየመን ተራራ ነው። በተራራ ለገባ ሰው ማህተም የሚመታለት እግሩ ላይ ነው፤ የሚመታውም እሾህ ነው።

አያ ይማም ከዚህ አገር ሁለት ጊዜ ተይዞ ተጠርዟል፤ ሁለት ጊዜም ተመልሷል። በጉልበት እበልጠዋለሁ፣ በቁመት እበልጠዋለሁ፣ በመጠርጠር ግን የሚደርስበት የለም። ዝናብ ሲጥል ማን እንዳዘዘው የሚጠይቅ ሰው ነው። አንድ ቀን አንዲት ፍየል ወደ ክፍላችን ገብታ አፍጥጣ ብታየው፣ «ይቺን ማን ላካት?» ብሎ ጆሮዋን ገልብጦ ሲፈትሽ አይቼዋለሁ።

«ብላ እንጂ አያ» አልኩት።

«አንተ ቅደም።»

ቀደምኩ። እግሩን ጨርሼ ጣቴን ስልስ ፊቴን ሲያጠና ቆየና፣ በሕይወት መኖሬን ካረጋገጠ በኋላ የዶሮውን ደረት ወደራሱ ሳበ።

አቡ ፈይሰል የዶሮውን ምክንያት የነገረን በልተን ስንጨርስ ነው። ከእርሻው አጠገብ ኢስቲራሓ አለችው፤ ለሠርግና ለሽርሽር የሚያከራያት፣ ሣርና አዳራሽ ያላት የታጠረች ግቢ። ቅዳሜ ጠዋት የሴት ልጁ ትምህርት ቤት እዚያ እንግዳ ይሆናል። ልጆች ከነቤተሰባቸው መጥተው በእጃቸው ይሠራሉ።

«ምን ይሠራሉ?» አልኩት።

«ሳይንስ ነው። ኮረንቲ ነው፣ ሥዕል ነው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው።» እሱም በደንብ የገባው አይመስልም። ልጁን ደስ ሊያሰኝ እሺ ብሎ፣ ከዚያ እሺ ያለው ነገር ያስጨነቀው አባት ፊት ነበረው። «እናንተ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሰብስቡ። ካርቶን ሰብስቡ። ከወንዙ ዳር ሸክላ አፈር አምጡ። ያላ» ብሎ ሄደ።

አያ ይማም መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ አየው። ከዚያ፣ «ሀብታም ሰው ቆሻሻ ሰብስብ ካለህ፣ ከቆሻሻው ጋር አብሮ የሚጠርገው አለ ማለት ነው» አለ።

ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የአያ ይማም ዘመድ መሆን አለበት።

ቅዳሜ ማለዳ አንዲት ነጭ ፒክ አፕ መጣች። በሯ ላይ ክብ ማህተም አለ፤ በማህተሙ ዙሪያ ጽሑፍ አለ። እኔም አያ ይማምም ዐረብኛ ማንበብ አንችልም፤ ለማያነብ ሰው ደግሞ ማህተም ሁሉ የመንግሥት ነው። ከውስጧ የወረደው ወጣት ብዙ ኪስ ያለው አፈርማ ሰደርያ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። መምህሩ ነው፤ ኡስታዝ ማጂድ ይባላል። ፈገግ ብሎ ሰላምታ ሰጠንና ዕቃ እንድናወርድ ጠየቀን። ጠየቀን ነው የምለው። አላዘዘንም። አያ ይማም ይህን በልቡ መዘገበ።

ካርቶኖቹ ክዳን አልነበራቸውም፤ እያወረድን አየናቸው። የመጀመሪያው አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት ሞልቶበታል። ሁለተኛው ሽቦና ባትሪ ነው። ሦስተኛው ውስጥ ካሜራ አለ። አራተኛውን ያነሳው አያ ይማም ነበር፤ አየውና እንደ ጋለ ብረት መሬት ላይ ለቀቀው። ውስጡ ትንንሽ የቀለም ሰሃኖች ተደርድረዋል፤ ማህተም የሚነከርባቸው ዓይነት፣ ስፖንጃቸው የራሰ።

«በስማ» አለኝ በሹክሹክታ።

በስማ ማለት አሻራ ነው። በዚህ አገር ወረቀት የሌለው ሰው ከእባብ ይልቅ በስማን ይፈራል። አንዴ ጣትህን የሰጠህ እንደሆነ፣ ስምህን ብትቀይር፣ ጺምህን ብታሳድግ፣ በሌላ ተራራ ብትመጣ፣ ጣትህ አንተን ትቶ ለእነሱ ይመሰክራል። እኔ ጣቴን ሰጥቼ አላውቅም። ያለኝ ንብረት እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

«አያ፣ ዛሬ እኮ አሻራ የሚወሰደው በመስታወት ማሽን ነው። ቀለም ድሮ ቀርቷል» አልኩት።

«መብራት ሲጠፋስ በምን ይወስዳሉ?»

አያ ይማም ካርቶኖቹን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

«መስታወቱ ጣትህን የሚያዩበት ነው። ካሜራው ፊትህን የሚያነሱበት ነው። ሽቦው» አለና ትንሽ አሰበ፣ «ሽቦውን እግዜር ይወቀው፤ ደግ ነገር ግን አይደለም።»

«ልጆች ይመጣሉ ተብሏል እኮ። ልጅ ይዞ ሰው የሚያፍስ ፖሊስ አይተህ ታውቃለህ?»

«ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው» አለ።

ይህን ብሎ የሸክላውን አፈር ባልዲ መሬት ላይ አኖረ፣ ወደ ማንጎው ዛፎች አቅጣጫ ሽንቱን እንደሚሸና ሰው ቀስ ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። እኔም ልከተለው ነበር። ወላሂ፣ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር።

ሪም ናት ያስቀረችኝ። ሪም የአቡ ፈይሰል ልጅ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ነች። ወደ እርሻው ስትመጣ ውሃ በምለቅበት ቦይ ወረቀት እያጠፈች ጀልባ ትለቅበታለች፤ ጀልባዋን የምይዘው እታች ያለሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የለንም። በዚያ ጠዋት ነጭ ሽርጥ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ሌሎቹ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ሣሩ ላይ በተዘረጉት ጠረጴዛዎች ተቀምጠዋል፤ ከእናቶቻቸው ጋር የመጡት ወደ አዳራሹ ገብተዋል። የሪም እናት አራስ ናት፣ ቤት ቀርታለች። አቡ ፈይሰል ደግሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በአጥሩ ጥግ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከሐሩብ ተራራ በግ ይዞ የሚመጣለት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቷል፤ እንግዳ ደግሞ ያለ ምሳ አይሸኝም።

ሪም አባቷን አየች። ጠረጴዛዋን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ና» አለችኝ።

አባቷ ስልኩን ሳይለቅ በእጁ ሂድ ሂድ አለኝ። «እኔ እስክመጣ አብረሃት ተቀመጥ። ኸላስ።»

እንዲህ ሆኜ ከባሚያ ማሳ ወደ ቤተሰብነት ተዛወርኩ።

ኡስታዝ ማጂድ የሚለጠፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ሰው ስሙ ደረቱ ላይ ይለጠፍበታል። ስም ሲባል ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«ዓሚ ነው» አለች ሪም። አጎቴ ማለቷ ነው፤ የአካባቢው ልጆች ትልቅ ሰውን ሁሉ እንዲያ ይሉታል።

«ስሙስ?»

«ሙሐመድ» አልኩ ፈጥኜ። በዚህ አገር ሙሐመድ ማለት አልናገርም ማለት ነው።

«አይደለም» አለች ሪም፣ ቅር ብሏት። ከዚያ እውነተኛ ስሜን ከነአባቴ ዘረገፈችው። የአያቴን ስም ስላላወቀች አላህን አመሰገንኩት። ኡስታዙ ጻፈው፣ ደረቴ ላይ ለጠፈው፣ በመዳፉም መታ መታ አደረገልኝ። ሲደበቅ የኖረ ስሜ በጠራራ ፀሐይ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀና ስል ነው ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ማን እንደተቀመጠ ያየሁት። ሰውዬው ከወገቡ በላይ ተራ ሸሚዝ ለብሷል። ከወገቡ በታች ግን የወታደር ሱሪና ቦት ጫማ ነው። አጠገቡ ካለው ልጁ ጋር ካርቶን ይቆርጣል። ሪም የክፍሏ ልጅ አባት መሆኑን፣ አቡ ነዋፍ እንደሚባል፣ ወደ ሳብያ በሚወስደው መንገድ ኬላ ላይ ዓስከሪ፣ ማለትም ወታደር እንደሆነና ከፈረቃው በቀጥታ እንደመጣ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። አልጠየቅኳትም ነበር። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች የሚባለውን እሰማ ነበር፤ አይጧን ወንበር ስበው አስቀመጧት ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ኡስታዝ ማጂድ ሁላችንንም አስነስቶ አንድ ነገር ተናገረ። የእኔ ዐረብኛ የባሚያ ዐረብኛ ነው፤ ውሃ ልቀቅ፣ ተሸከም፣ ፍጠን፣ ይበቃል። ከንግግሩ ውስጥ የያዝኳት አንዲት ቃል ናት። «ዛሬ ሁላችንም ዳኢራ እንሠራለን፤ ዳኢራው ካልተዘጋ ምንም አይሠራም» አለ። ዳኢራ እኔ እንደማውቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ጉዳይ ያለበት ሰው ዳኢራ ይሄዳል፤ ጉዳዩ የከፋበት ሰው ዳኢራ ይወሰዳል። የዳኢራው በር ሊዘጋብን ነው ብዬ የአጥሩን ከፍታ በዓይኔ ለካሁ።

ለካ ዳኢራ ክብ ማለትም ኖሯል። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ሁሉም ሰው ክብ ሠርቶ እጅ ለእጅ ተያያዘ። ኡስታዙ ኳስ የምታክል፣ በሁለት ጎኗ ብረት ያላት ዕቃ አወጣ። አንዱን ብረት አንድ ልጅ ነካ፣ ሌላውን ሌላ ልጅ። የሁሉም እጅ ከተያያዘ፣ ኮረንቲው በሰዎቹ ውስጥ ዞሮ ኳሷ ታበራለች። ከግራዬ ሪም እጄን ያዘች። ከቀኜ ባዶ አየር ነበር፤ ከአየሩ ማዶ ደግሞ አቡ ነዋፍ።

እጁን ዘረጋልኝ። የኬላ እጅ ነው፤ ሰፊ፣ የመኪና በር የለመደ። ሌላ ቦታ ቢሆን ከዚህ እጅ ለመራቅ ሙሉ ተራራ እዞር ነበር። ያዝኩት።

ኳሷ በራች። በራች ብቻ አይደለም፣ እንደ ፖሊስ መኪና እሪ አለች።

እጄን መነጨቅሁ። ኳሷ ጠፋች፣ ዝም አለች። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«አንድ ሰው ለቀቀ» አለ ኡስታዙ፣ ደስ ብሎት። «አያችሁ ልጆች? ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ሲለቅ ለሁሉም ይጠፋል። ማነው የለቀቀው?»

«ይሄ» አለ አቡ ነዋፍ።

ሠላሳ ዓይን ይሁን ስልሳ አልቆጠርኩም፤ ሁሉም ግን እኔ ላይ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ሰው እንዳያየኝ ደክሜያለሁ። አሁን ስሜን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ሳይንስ አበላሽቼ ቆሜያለሁ።

«ሁለተኛ እንሞክር» አለ ኡስታዙ።

አቡ ነዋፍ በዚህኛው ጊዜ እጄን አጥብቆ ያዘው። ኳሷ እሪ አለች፤ እኔም በሆዴ እሪ አልኩ፤ ልጆቹ ሳቁ። በመካከሉ ዓስከሪው ጎንበስ ብሎ፣ «እጅህ ላብ በላብ ነው» አለኝ።

ያለኝን ዐረብኛ ሁሉ ፈለግሁ። እጄን ለምን እንዳላበው የሚያስረዳ ቃል ከባሚያው መካከል አልተገኘም።

ኡስታዙ ሰምቶት ኖሮ፣ «ጥሩ ነው፤ ላብ ኮረንቲ በደንብ ያሳልፋል» አለ። ለልጆቹም እኔን እያሳየ ደግሞ አብራራላቸው። የዚያን ዕለት የክፍሉ ምርጥ ሽቦ እኔ ነበርኩ።

ቀጥሎ ከሪም ጋር የሚሽከረከር ነገር ሠራን። ጠርሙስ ቆርጠን ክንፍ አበጀን፣ ክንፉን ከትንሽ ሞተር ጋር አያያዝነው። ሽቦውን ያገናኘሁት እኔ ስለነበርኩ በተቃራኒው ዞረና የጠረጴዛውን ወረቀት ሁሉ በአቡ ነዋፍ ላይ ነፋበት። ሰውዬው ወረቀቶቹን ከጭኑ ላይ አንድ በአንድ እየለቀመ አየኝ። ምንም አላለኝም። ምንም የማይል ዓስከሪ ከሚናገረው ይከፋል፤ የሚናገረው ቢያንስ ምን እንዳሰበ ታውቃለህ። ሪም ሽቦውን ነቅላ፣ ገልብጣ ሰክታ አስተካከለችው፤ ከዚያ በኋላ ሽቦ እንዳልነካ ከለከለችኝ። ትንሽ ተንፈስ አልኩ። እንዲያውም፣ ልዋሽህ አልፈልግም፣ ክንፉ ሲሽከረከርና ነፋሱ ፊታችንን ሲነካን፣ አያ ይማም ይህንን ሳያይ ቀረ ብዬ አዘንኩ።

ያን ጊዜ ነው ኡስታዙ የቀለሙን ሰሃኖች ማደል የጀመረው።

ለእያንዳንዱ ልጅ ትልቅ ነጭ ወረቀት ተሰጠው። በወረቀቱ ላይ ግንድና ቅርንጫፍ ተሥሏል፤ ቅጠል ግን የለውም። ቅጠሉ የቤተሰቡ አውራ ጣት ነው። እያንዳንዱ ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ ቅርንጫፉ ላይ ያትማል፤ ዛፉ ይለመልማል። ከዚያ ወረቀቶቹ ትምህርት ቤት ተወስደው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ይህን ሁሉ ሪም ቀስ አድርጋ በልጅኛ አስረዳችኝ። የገባኝ ግን ሌላ ነው። አያ ይማም ልክ ነበር። ያ ተጠራጣሪ፣ ፍየል የሚፈትሽ ሰው፣ ልክ ነበር።

ይባስ ብሎ አረንጓዴው ቀለም ደርቆ ተገኘና ለእኛ ጠረጴዛ የደረሰን ሰማያዊ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰማያዊ።

ሪም የራሷን ትንሽ ጣት አተመች። አማረላት። ሰሃኑን ወደኔ ገፋችው።

«ጣቴን አሞኛል» አልኳት።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

እጄን ይዛ ገለበጠችው፤ አየችው። ጤነኛ ነው። ከባሚያው እሾህና ከአንድ የድሮ የማጭድ ጠባሳ በቀር ነውር የለበትም። ሌላ መላ ፈለግሁ፤ ክርኔን ላትምልሽ አልኳት። አሰበችበትና እሺ አለች። ክርኔን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ ብጫነው የወጣው ቅጠል ሳይሆን ድንች ነው።

«ይሄ ቅጠል አይደለም» አለች ሪም።

«በእኛ አገር ያሉ ቅጠሎች እንዲህ ናቸው።»

አላመነችኝም። ግን አልተቆጣችም፤ የከፋውም እሱ ነው። ዞር ብላ የሌሎቹን ልጆች ወረቀት አየች። የአቡ ነዋፍ ልጅ ዛፍ አባቱ፣ ዘግይተው የደረሱት አጎቱና ታላቅ ወንድሙ ያተሙበት ነው፤ አያቱም ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ተርፎ ወደ ሰማዩ ወጥቷል። የእሷ አንድ ቅጠልና አንድ ድንች አለው። አባቷን ፈለገችው፤ አቡ ፈይሰል ከአጥሩ ውጭ ስለ በጉ መኪና ይሟገታል። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ወደራሷ ሳበችና ባዶውን ቅርንጫፍ በጣቷ ትከተለው ጀመር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን እያወቅሁ አውራ ጣቴን አወጣሁ። ሰሃኑ ላይ አደረስኩት። መለስኩት። እንደገና አደረስኩት። ይህን ስል የኬላው እጅ ከጎን መጥቶ የእጄን አንጓ ያዘው።

አበቃ አልኩ። የማሳውን ውሃ ማን ይዘጋዋል ብዬ አሰብኩ፤ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

አቡ ነዋፍ ጣቴን ሰሃኑ ውስጥ ጠቅ አደረገው፣ አንስቶ ቅርንጫፉ ላይ ጫን አደረገው፣ ለቀቀው። ከዚያ፣ «አንድ ጣት ለማተም ግማሽ ቀን ይፈጃል እንዴ? ሰሃኑን አቀብለን፤ ልጁ የአያቱን ጣት በሰማያዊ ነው የምፈልገው ብሎ እየጠበቀ ነው» አለኝ።

ሰሃኑን አቀበልኩት። ስቸኩል ጥቂት ቀለም ሱሪው ላይ ጠብ አለ፤ የወታደር ሱሪው ላይ። አየው፣ አየኝ፣ ስሜን ከደረቴ ላይ አነበበ። «አቡ ፈይሰል ዘንድ ነው የምትሠራው?» አለ። አዎ አልኩ። «ባሚያው ዘንድሮ እንዴት ነው?» አለ። ደህና ነው አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ወደ ልጁ ዞረ። እስካሁን ድረስ ይህ ጥያቄ ስለ ባሚያ ይሁን ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩበት ነው።

ሪም ጣቴን አየችው፤ ማለቴ ወረቀቱ ላይ ያለውን። የማጭዱ ጠባሳ በመካከሉ እንደ ቅጠል ሥር ወጥቷል። በጣም ወደደችው። ከሥሩ በእርሳስ ጻፈችበት። «ምን ጻፍሽ?» ብላት፣ «ዓሚ» አለችኝ።

በጉ ደርሶ ሲያበቃ አቡ ፈይሰል በላብ ተጠምቆ መጣ። ወረቀቱን አነሳ። ሰማያዊው አሻራዬ ላይ ጣቱን አኖረ። «ይሄ ማነው?» አለ። ሪም ነገረችው። «ይሄስ ድንቹ?» አለ። እሱንም ነገረችው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ የሰው ቤተሰብ ውስጥ ሳልጠራ ገብቻለሁና። እሱ ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ «ለእኔ የት ቦታ አለ?» ብሎ ልጁን ጠየቃት፤ እንደ ተበዳይ ሳይሆን እንደ አርፋጅ።

«ሥሩ ላይ» አለችው።

ተንበርክኮ ሥሩ ላይ አተመ። ቀለሙን ስላበዛው ወደ ታች ፈሰሰ፤ ሪም ውሃ ነው፣ ዛፉ እየጠጣ ነው አለችው።

እንግዳው በልቶ፣ ኡስታዙም ካርቶኑንና ወረቀቶቹን ፒክ አፗ ላይ ጭኖ ሸራ ሸፍኖ ሄደ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ተመለሰ። ዛፉ በዓይኔ ፊት ሳለ ዛፍ ነበር፤ ከሄደ በኋላ በስማ ሆነ። አያ ይማምን ላማክር ወደ ማንጎው ሄድኩ። የለም። ከዛፍ ዛፍ እየተጣራሁ ዞርኩ። የለም። ስልኩን ደወልኩ። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሳ።

«ቀስ በል» አለኝ በሹክሹክታ።

«የት ነህ አያ?»

«አላውቅም። ግቢ ነው። ግድግዳው ላይ ዓሣ ተሥሏል።»

«ምን ዓይነት ዓሣ?»

«ኮፍያ ያደረገ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንጎው ውስጥ ተደብቆ ሳለ አቡ ነዋፍ በወታደር ሱሪ ሲመጣ አየ። እርሻው ሊከበብ ነው ብሎ ደመደመ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሳብያ ገበያ አትክልት የምትጭን ነጭ ፒክ አፕ አለችን። እንግዳው ሊበተን ሲል በአጥሩ ሥር ተሳበና፣ ተጭና ሸራ ለብሳ የቆመች ነጭ ፒክ አፕ ሲያገኝ የገበያዋ መስላው ሸራውን ገልጦ ገባ። ነጭ ፒክ አፕ በጂዛን እንደ አሸዋ ነው፤ ሰውዬው ይህን ረስቶታል። የገባው በኡስታዝ ማጂድ መኪና ውስጥ ነው። አሁን ያለው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነው።

«ኬላው ላይስ?» አልኩት።

«አቆሙን። ምን ጭነሃል አሉት። የልጆች ዕቃ ነው አላቸው። ሂድ አሉት።» አሁንም በሹክሹክታ ቀጠለ። «በዚህ አገር ስኖር ያለ ችግር ኬላ ያለፍኩት ዛሬ ነው። የልጆች ዕቃ ሆኜ።»

«አያ፣ እንግዲህ እዚያው ካለህ አንድ ነገር ልለምንህ። ከወረቀቶቹ መካከል ዛፍ አለ፤ አንዱ ዛፍ ላይ ጣቴ አለ። በሰማያዊ። ጠባሳዬን ታውቀዋለህ። ቅደድልኝ።»

«ጣትህን ሰጠህ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ሐዘን መግለጽ አልችልም። መልስ ሳልሰጠው ሸራው ሲገለጥ ሰማሁ፣ ስልኩም ተዘጋ።

የቀረውን ከሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቀኝ። ባሚያውን ሁለቴ አጠጣሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ያቺው ነጭ ፒክ አፕ መጣች። ኡስታዝ ማጂድ የረሳቸውን ሁለት ጠረጴዛዎች ሊወስድ ነው። ከአጠገቡ፣ ከፊተኛው ወንበር፣ ቀበቶ ታስሮ የተቀመጠው አያ ይማም ነበር። ወረደ። ኡስታዙ አመስግኖት፣ ጠረጴዛዎቹን ጭኖ ሄደ። አያ ይማም መኪናዋን በዓይኑ ሸኝቶ ወደኔ መጣ፤ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ሸራውን ሲገልጠው ሁለት እጄን ገጥሜ ዘረጋሁለት፤ ያስር ብዬ» አለኝ።

«እሺ?»

«ካርቶን አስቀመጠበት።»

ካርቶኑን ተሸከመ፤ ሌላ ካርቶን መጣ። ሲጨርሱ መሰላል ሰጠው። ኡስታዙ ወረቀት እያቀበለው፣ እሱ እየሰቀለ፣ የልጆቹን ዛፎች በሙሉ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ሰውዬው ማን ነህ፣ መኪናዬ ውስጥ ምን ትሠራለህ ብሎ እንዳልጠየቀው አሥር ጊዜ ነገረኝ። አያ ይማምን የሚያስጨንቀው ያ ነው። ለምን አልጠየቀም?

«የእኔስ ዛፍ?» አልኩት።

«አገኘሁት። ድንች ያለበት።»

«ቀደድከው?»

ወደ ማሳው አየ፣ ወደ አስፋልቱ አየ።

«ኡስታዙ ሙጫ ሊያመጣ ገብቶ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። መቅደድ እችል ነበር።»

«ታዲያ?»

እጁን ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነው፤ እስከ አንጓው ድረስ።

እጁን ይዤ ገለበጥኩት። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ጣቱን በግድ ሰጥቷል። ሦስተኛ ጊዜ እንዳይሰጥ ብሎ ከከተማ ርቋል፣ ከሰው ርቋል፣ ፍየል ፈትሿል።

«ምን አደረግህ አያ?»

«አጠገብህ ቅርንጫፉ ባዶ ነበር» አለ። ጣቱን ወደ ፀሐይዋ አዙሮ አየው፣ በሱሪው ጠረገው፣ አልለቀቀም። «አንድ የሐበሻ ጣት ብቻውን ቢያገኙ ባለቤቱን ይፈልጋሉ። ሁለት ከሆነ ቤተሰብ ይመስላል።»

ይህን ብሎ፣ ሁለት ጊዜ የጠጣውን ባሚያ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያጠጣ ወደ ማሳው ወረደ። እኔም አልከለከልኩትም።